“ጭዱን ከወሰዳችሁት ላሟ ምን ትብላ?” — ከጭድና ከፕላስቲክ ስለሚሠራ ሳንቃ ከኢስት ዮርክ የተላለፈ ሐተታ

(ከዚህ በታች የቀረበው በሳተላይት ቴሌቪዥን የተላለፈ ሳምንታዊ ሐተታ ነው። ለንባብ እንዲመች ጥቂት ተስተካክሏል።)

  የማናግራችሁ ከካናዳ፣ ከቶሮንቶ ከተማ፣ ኢስት ዮርክ ከሚባለው ሰፈር ነው። በዚህ ሰዓት ከእኔ የለመዳችሁት የሳምንቱን ዜና መተንተን ነው። ዛሬ ግን ስለ ሳንቃ ነው የማወራችሁ። አዎ፣ ስለ ሳንቃ። ከጭድና ከተጣለ ፕላስቲክ ስለሚሠራ ሳንቃ። “ሰውዬውን ምን ነካው?” የምትሉ አትጠፉም። ቆዩ፤ ገንዘባችሁን የሚመለከት ነገር ነው። ከገንዘባችሁ ያለፈ ነገርም አለበት።

ባለፈው ወር ዳንፎርዝ ላይ ተጠራን። ቶሮንቶን ለማታውቁ፣ ዳንፎርዝ የእኛ ሰው ምግብ ቤቶች የተደረደሩበት፣ ከኢስት ዮርክ በእግር የሚደረስ ጎዳና ነው። አርባ የሚሆን ሰው መጣ። ጠሪው ወጣት ነው፤ ቀና ልጅ ነው፤ አንደበቱም ርቱዕ ነው። ስሙንም የማኅበሩንም ስም አላነሣም፤ ክፉ ነገር አላየሁበትምና። ከቦርሳው አንድ ክንድ ከስንዝር የሚሆን ሳንቃ አወጣ። ለስላሳ ነው፣ ቡናማ ነው፣ ጠጋ ብላችሁ ስታዩት የጭድ ስባሪ ውስጡ ይታያል። “ይህ ከጤፍ ጭድና ከተጣለ ፕላስቲክ የተሠራ ነው። አማራ ክልል ውስጥ ፋብሪካ እንተክላለን። የተማሪ ዴስክ፣ የመማሪያ ክፍል ግድግዳ፣ የጣራ ክዳን እናመርታለን። ዛፍ አይቆረጥም፣ ቆሻሻ ይጸዳል፣ ልጆቻችን መሬት ላይ ተቀምጠው መማራቸው ይቀራል” አለ። አንዱ አክሲዮን 2,500 የካናዳ ዶላር ነው። ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ እኔም አጨብጭቤአለሁ። ድንጋይ ላይ ተቀምጦ የተማረ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲሰማ እጁ ራሱ ነው የሚያጨበጭበው። ሦስት ሰዎች እዚያው ቼክ ጻፉ። አንደኛው ታክሲ የሚነዳ ጓደኛዬ ነው፤ ያቺን ገንዘብ በስንት ሌሊት እንዳጠራቀማት አውቃለሁ።

ከዚያ ከኋላ ወንበር አንዲት እናት ተነሡ። ነጠላቸውን አስተካከሉና፣ “ልጄ፣ እግዜር ይባርክህ። አንድ ነገር ልጠይቅህ። ጭዱን ከወሰዳችሁት ላሟ ምን ትብላ?” አሉት። ሰው ሳቀ። ልጁም ፈገግ ብሎ፣ “እማማ፣ ትርፍ የሆነውን ነው የምንወስደው” አላቸው። እሳቸውም “ትርፍ ጭድ የት አገር ነው ያየኸው?” ብለው ተቀመጡ። ሰው ደግሞ ሳቀ። እኔ ያን ጊዜ ማጨብጨቤን አቆምኩ። ወደ ጥያቄያቸው እመለሳለሁ። መጀመሪያ ግን ሳንቃው ራሱ ምንድን ነው የሚለውን እንጨርስ።

በዚህ ነገር ላይ አፌን የምከፍተው ያለ ምክንያት አይደለም። አገር ቤት ሜካኒካል ምህንድስና ተምሬ ጥቂት ዓመት አስተምሬአለሁ። እዚህ ከመጣሁ ወዲህ ግን እንጀራዬ የሚወጣው ከመዶሻና ከመጋዝ ነው። ኢስት ዮርክ ውስጥ የሰው ጓሮ ዴክ እሠራለሁ። ዴክ የሚሉት ከጓሮ በር ወጥተህ የምትቀመጥበትን፣ ሥጋ የምትጠብስበትን የሳንቃ ወለል ነው። ዛሬ እዚህ የሚነጠፈው ሳንቃ ሁሉ የዛፍ ጣውላ አይደለም፤ ሰጋቱራና ፕላስቲክ ተቀላቅሎ የወጣም አለ። ስለዚህ ይህን ቁስ በወረቀት ብቻ አይደለም የማውቀው፤ ተንበርክኬበታለሁ።

ነገሩ አዲስ አይምሰላችሁ። ቃጫን ከሌላ ነገር ጋር ማዋሐድ የጭቃ ቤት የሠራ ሁሉ የሚያውቀው ነው። አፈሩ ይቆፈራል፣ ውሃ ይገባበታል፣ የጤፍ ጭድ ይነሰነስበታል፣ በእግር ይረገጣል፣ ከዚያ እንዲቦካ ይተዋል። ጭድ የሌለው ጭቃ ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል። ጭድ ያለበት ግን ስንጥቁ ገና ሲጀምር ጭዱ አላሳልፍም ብሎ ይይዘዋል። ፕላስቲክ ውስጥ የሚገባውም ቃጫ ሥራው ይኸው ነው፤ ጭቃው ብቻ ነው የተለወጠው። ፕላስቲኩም ቢሆን ከመነሻው ከእጽዋት ጋር ነው ያደገው። ባክላይት የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1907 የተፈለሰፈው ጥቁር ፕላስቲክ፣ ያ የድሮው ከባድ የስልክ እጀታና የመብራት ሶኬት የሚሠራበት፣ የእንጨት ዱቄት የተሞላ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በየቤቱ የነበረው ፎርማይካ ጠረጴዛስ? ከላይ ያለው ያ የሚያብረቀርቅ ንጣፍ ብዙ ወረቀት በሙጫ ተነክሮና ተጨፍልቆ የተሠራ ነው፤ ወረቀት ደግሞ የእጽዋት ቃጫ ነው። ምሥራቅ ጀርመኖች ትራባንት የምትባለዋን መኪና አካል ከጥጥ ተረፈ ምርትና ከሙጫ ሠርተው ከ3 ሚሊዮን በላይ መኪና አውጥተዋል። (ከእኔ ቤት ቁልቁል፣ ዶን ሸለቆ ውስጥ፣ ቶድመርደን ሚልስ የሚባል የ19ኛው ክፍለ ዘመን የወረቀት ፋብሪካ አለ። ዛሬ ሙዚየም ነው። ቅዳሜ ልጆቼን ይዤ ስሄድ “አባባ፣ ደግሞ ስለ ቃጫ ልታወራ ነው?” ይሉኛል።)

እዚሁ ኦንታሪዮ ውስጥም በቅርብ ዘመን የተሠራ አለ። የ2010 ሞዴል ፎርድ ፍሌክስ የምትባለው መኪና ከቶሮንቶ ወጣ ብሎ ኦክቪል ላይ ነበር የምትገጣጠመው። ከኋላዋ ያለው የዕቃ ማስቀመጫ ሣጥን ፕላስቲክ 20 በመቶው የስንዴ ጭድ ነበር፤ ጥናቱን ከሠሩት መካከል የዋተርሉ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች አሉበት። ሌላም ልጨምርላችሁ፣ ይህን በተለይ ቡና አፍሉ ለምትሉት። ቡና ሲቆላ እየበነነ የሚወጣ፣ እፍ ብለን የምናባርረው ስስ ገለፈት አለ አይደል? እ.ኤ.አ. በ2019 መጨረሻ ፎርድና ማክዶናልድ ያንን ገለፈት ለመኪና መብራት ቤት እንጠቀምበታለን ብለው አስታወቁ። አየር በሌለበት ያከስሉትና ከፕላስቲክ ጋር ያዋሕዱታል። ከፊተኛው ቁስ 20 በመቶ ገደማ ይቀላል ብለዋል። እኛ እፍ ያልነውን እነሱ መኪና ላይ ገጠሙት።

እንግዲህ ነገሩ ይሠራል። ጥያቄው ለምን ይሠራል፣ የት ላይ ነው የማይሠራው ነው። አሜሪካ ዊስኮንሲን ውስጥ ማዲሰን በምትባል ከተማ የመንግሥት የደን ውጤቶች ላቦራቶሪ አለ፤ እነሱ ከዓመታት በፊት የለኩት ልኬት ሁልጊዜ ከአእምሮዬ አይጠፋም። የወሰዱት ፖሊፕሮፒሊን የተባለውን ፕላስቲክ ነው። የምታውቁት ፕላስቲክ ነው፤ ብዙ የግቢ ወንበር የሚሠራው ከእሱ ነው። ንጹሑን ፕላስቲክ ሲስቡት በ28 ሜጋ ፓስካል ግድም ተሸነፈ። ከዚያ በክብደት 40 በመቶ የእንጨት ዱቄት ጨመሩበት። ግትርነቱ፣ ማለት አልጎብጥም ባይነቱ፣ ከእጥፍ በላይ ሆነ። ጥንካሬው ግን ወደ 25 ወረደ! ልብ በሉ፤ የማይጎብጥ ሆነ፣ ግን ቀድሞ የሚበጠስ ሆነ። በዱቄቱ ፋንታ ረዘም ያለ የእንጨት ቃጫ ሲያስገቡም ጥንካሬው ከንጹሑ አላለፈም። ከዚያ 3 በመቶ አጣባቂ ኬሚካል ጨመሩ። ያን ጊዜ 52 ደረሰ።

በዚያች 3 በመቶ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ የነገሩ ሁሉ ቁልፍ እዚያ ነውና። ጭድና እንጨት ውሃ ወዳድ ናቸው፤ ፕላስቲክ የዘይት ልጅ ነው፣ ውሃ አይወድም። ሁለቱን ብትቀላቅላቸው እንደ ጎረቤት ይተያያሉ እንጂ አይጋቡም። ክብደቱ ሲመጣ ቃጫው ከፕላስቲኩ ውስጥ እንደ ሰይፍ ከሰገባው ሾልኮ ይወጣል፤ ቃጫው ምንም ጠንካራ ቢሆን ጥንካሬው ለፕላስቲኩ አይደርሰውም። አጣባቂው በአንድ እጁ እንጨቱን፣ በሌላው ፕላስቲኩን የሚይዝ ኬሚካል ነው። የጤፍ ጭድ ደግሞ ከእንጨት ይብሳል፤ ላዩ ሰም አለው፣ እንደ ብርጭቆ የሚያንሸራትት አሸዋማ ነገርም አለው። ጭቃ አቡኪው አባቴ ጭዱን ከጭቃው ጋር ሳምንት ሁለት ሳምንት ያሳድረው የነበረው ለምን መሰላችሁ? መቡካቱ ያን ላዩን ይበላዋል፤ ጭዱ ይለሰልሳል፣ ጭቃውን ይይዛል። ዛሬ ላቦራቶሪ ውስጥ ቃጫውን በኮስቲክ ሶዳ ያጥቡታል፤ የሚፈልጉት ያንኑ ነው። ስለዚህ ዳንፎርዝ ላይ የመጀመሪያ ጥያቄዬ “አጣባቂው ምንድን ነው፣ ስንት በመቶ ነው?” የሚል ነበር። ልጁ ማስታወሻ ደብተሩን አገላበጠ፣ አላገኘውም።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ሻጮች አያነሡትም። ቃጫ የገባበት ፕላስቲክ ሲመታ ደካማ ነው። በዚያው በማዲሰን ልኬት ንጹሑ ፕላስቲክ ሲመታ ከሚችለው ኃይል፣ ቃጫ የገባበት በደንብ ተጣብቆም እንኳ የሚችለው ሩቡን ገደማ ብቻ ነው። ዴስክ ላይ ሦስት ልጅ ነው የሚቀመጠው፤ አራተኛው ደግሞ ከላይ ይዘላል። የኛን ልጆች ታውቋቸዋላችሁ።

ወደ ሙቀቱ እንምጣ። ሙቀት ሁለት ቦታ ላይ ይፈትነናል፤ አንዱ ፋብሪካው ውስጥ ነው፣ ሌላው ሳንቃው ከተሠራ በኋላ ነው። ፋብሪካው ውስጥ፣ የእጽዋት ቃጫ ከ200 ዲግሪ ግድም ጀምሮ ማረር ይጀምራል። ይጠቁራል፣ ይሸታል፣ ጉልበቱ ይሄዳል። ስለዚህ ጭድ የሚዋሐደው ከ200 በታች ከሚቀልጥ ፕላስቲክ ጋር ነው። ጀሪካንና የለስላሳ ሣጥን የሚሠራበት ፕላስቲክ 130 ዲግሪ ግድም ላይ ይቀልጣል፤ ይሆናል። ፌስታልም ከዚያ ወገን ነው። የወንበሩ ፕላስቲክ 165 ግድም ነው፤ እሱም ይሆናል። የሃይላንድ ጠርሙስ ግን 250 ዲግሪ ድረስ ይፈልጋል፤ እሱ እስኪቀልጥ ጭዱ ያርራል። አገራችን ከተማ ውስጥ ቦይ የሚዘጋው ፕላስቲክ ምን እንደሆነ ሄዳችሁ እዩ፤ ግማሹ ሃይላንድ ነው። ስስ ፌስታልን የከለከለው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ የወጣው በ1999 ዓ.ም. ነው፤ ፌስታሉ ግን አዋጁን አላነበበም መሰለኝ። “የተጣለ ፕላስቲክ” የሚለው ቃል አንድ ነገር ይመስላል፤ በውስጡ ግን አብረው የማይቀልጡ አምስት ስድስት ዓይነት ዘሮች አሉ። የሚለየው ማን ነው? በእጅ ነው? የሚያጥበውስ? ሁለተኛ ጥያቄዬ ይህ ነበር።

ሳንቃው ከተሠራ በኋላ ያለው ሙቀት ደግሞ ሌላ ነው። ቤተ ሙከራ ውስጥ ሳንቃውን ከሁለት ጫፍ ያስደግፉትና መሃሉ ላይ የተወሰነ ጭነት ይጭናሉ፤ ከዚያ ሙቀቱን ቀስ በቀስ ይጨምራሉ። በስንት ዲግሪ ላይ ይጎብጣል? ማዲሰን ላይ ንጹሑ ፕላስቲክ በ57 ዲግሪ እጁን ሰጠ። ቃጫና አጣባቂ ያለበት 105 ደረሰ። ይህ የቃጫው ትልቁ ውለታ ነው፤ ሙቀት ላይ አጥንት ይሆነዋል። ግን ይህ ልኬት የደቂቃዎች ፈተና ነው። መተማ በሚያዝያ፣ ቆርቆሮ ጣራ ሥር፣ ልጅ የተቀመጠበት ዴስክ ዓመት ከዓመት ነው የሚፈተነው። ፕላስቲክ ደግሞ ክብደት ሲቆይበት ሳይሰበር ቀስ እያለ የሚለምጥ ነገር ነው፤ ሙቀት ሲኖር ደግሞ ይፈጥናል። ለግድግዳ ከሆነ ይህ ቁስ ከቆርቆሮ ይልቅ ሙቀት አያስገባም፤ ያን አልክድም። ለጣራ ተሸካሚ ግን እኔ ልጄን ከሥሩ አላስቀምጥም። እሳት ሲነሣም ይነዳል፣ ቀልጦም ይንጠባጠባል።

ሙቀት በሌላም መንገድ ያዋርዳል፤ እኔን አዋርዶኛል። ይህን ሥራ በጀመርኩበት ዓመት፣ ኅዳር መጨረሻ፣ ከኮክስዌል ጎዳና ገባ ብሎ ለአንድ የግሪክ ሽማግሌ ዴክ ሠራሁላቸው። ቀኑ ከዜሮ በታች 5 ነበር። ሳንቃው አንዱ 4 ሜትር ከ90 ነው። ግጥም አድርጌ፣ ጫፍ ለጫፍ አስጠግቼ ቸነከርኩት። አቤት ማማሩ! ሐምሌ ላይ ስልክ ደወሉ። ስሄድ ሳንቃዎቹ ተገፋፍተው እንደ ግመል ጀርባ ተነሥተዋል። ሒሳቡን በኋላ ሠራሁት። የዛፍ ጣውላ በቁመቱ በሙቀት ብዙም አይረዝምም። የሰጋቱራና ፕላስቲክ ሳንቃ ግን በእያንዳንዱ ሜትር፣ በእያንዳንዱ ዲግሪ፣ ከሚሊ ሜትር መቶ እጅ አራት አምስት እጅ ያህል ይረዝማል። ትንሽ ትመስላለች። ከኅዳሩ ብርድ እስከ ሐምሌ ፀሐይ የሳንቃው ገጽ 60 ዲግሪ ቢለዋወጥ፣ ያ አንድ ሳንቃ ከ1 ሴንቲ ሜትር በላይ አደገ ማለት ነው። መሄጃ ከሌለው ወደ ላይ ይሄዳል። ንጹሕ ፕላስቲክ ቢሆን ኖሮ ሦስት እጥፍ ይሆን ነበር፤ ሰጋቱራው ነው የያዘው። ክፍተት ተው የሚል መመሪያ ከሳንቃው ጋር መጥቶ ነበር፤ ያላነበብኩት እኔ ነኝ። ሽማግሌው አልተቆጡም። ቡና አፍልተው አጠጡኝ፤ እኔም ሁለት ቀን ሙሉ በነጻ አፍርሼ ሠራሁት። እስከ ዛሬ በዚያ መንገድ ሳልፍ ያንን ዴክ በዓይኔ እለካዋለሁ።

ስለዚህ ልጁን “ከሳንቃህ ቁራጭ ስጠኝ” አልኩት። ደስ ብሎት ሙሉውን ሰጠኝ። ይህን ለቅንነቱ ምስክር አድርጉለት።

ቤቴ ምድር ቤት፣ ማሞቂያው አጠገብ፣ ሁለት ሸክላ አቆምኩና ሳንቃውን ከላይ አጋደምኩት። በሁለቱ ሸክላ መካከል 50 ሴንቲ ሜትር ነው። መሃሉ ላይ 20 ሊትር ውሃ የያዘ ጀሪካን ሰቀልኩ። በመጀመሪያው ቀን 4 ሚሊ ሜትር ጎበጠ። ባለቤቴ “ይሄ ምን የሚሉት ጥንቆላ ነው?” አለችኝ። በሠላሳኛው ቀን 9 ሚሊ ሜትር ሆነ። ጀሪካኑን ሳወርደው ቀና አለ፣ ግን ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም፤ 3 ሚሊ ሜትር እንደጎበጠ ቀረ። ከጫፉም ቁራጭ በመጋዝ ቆረጥኩና በወጥ ቤት ሚዛን መዘንኩት፤ 100 ግራም። ውሃ ውስጥ ሁለት ሳምንት ነከርኩት። 109 ግራም ሆነ፤ የተቆረጠው ጠርዙም በጣት ሲዳሰስ አብጧል። ምሥጢሩ ይህ ነው፤ ሳንቃው ከፋብሪካ ሲወጣ ላዩ ስስ የፕላስቲክ ቆዳ አለው፣ ውሃ አያስገባም። አናጢ መጋዝ ሲያሳርፍበት፣ ብሎን ሲበሳው፣ ጭዱ አፉን ይከፍታል። አንዱ ጭድ ከሌላው ጋር ከተነካካ ውሃው ከጫፍ እስከ ጫፍ መንገድ አገኘ ማለት ነው። ክረምት ሲገባ ያብጣል፣ በጋ ሲመጣ ይሰበሰባል፤ በየዓመቱ እንዲህ ሲሆን ጭዱና ፕላስቲኩ ይለያያሉ፤ ከዚያ ሻጋታ ነው። ሰሜን አሜሪካ ውስጥ የመጀመሪያዎቹ የዚህ ዓይነት ዴኮች ሻጋታ አስቸግሯቸው ስንት ክስ ተነሥቶባቸዋል። በኋላ ነው ሳንቃውን ዙሪያውን በንጹሕ ፕላስቲክ መሸፈን የተማሩት። የደጋው ፀሐይም አለ፤ ፕላስቲክን ያነጣዋል፣ ላዩን ዱቄት ያደርገዋል፤ መከላከያ ካልተጨመረበት።

የኔ የምድር ቤት ሙከራ ቤተ ሙከራ አይደለም። አንድ ሳንቃ፣ አንድ ጀሪካን ነው። ግን አንድ ሰው በጀሪካን ሊያደርገው የሚችለውን ፈተና ሳያደርጉ የሰው 2,500 ዶላር መውሰድ ልክ አይመስለኝም። ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በዚሁ በእጽዋት ቃጫ ላይ ሲሠራ የኖረ ማዕከል አለ፤ ፕሮፌሰር ሞሂኒ ሳይን የመሩት ነው። ከዳንፎርዝ በባቡር ሩብ ሰዓት ያህል ቢሆን ነው። ባህር ዳር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያለው የጨርቃ ጨርቅና ፋሽን ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትም ቃጫ ሥራው ነው። ሳንቃውን ደረቅ ሆኖና ውሃ ጠጥቶ አጉብጠው፣ በሙቀት ፈትነው፣ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት የሚሰጡ ሰዎች ጠፍተው አይደለም።

አሁን ወደ እማማ ጥያቄ።

ኦንታሪዮ ውስጥ የስንዴ ጭድ በአብዛኛው ለከብት መኝታ ይነጠፋል፤ ወይም እዚያው መሬቱ ላይ ይቀራል። ከብቱ ሌላ የሚበላው አለው። የኛ ገበሬ ግን ጭዱን እንደ እህሉ ነው የሚከምረው። ከጥር እስከ ግንቦት ሣሩ ሲደርቅ በሬውን ለእርሻ የሚያደርሰው፣ ላሟን የሚያቆማት ያ ክምር ነው። ከሰብል ጭድ ሁሉ ደግሞ ከብት የሚመርጠው የጤፉን ነው። ከዚያ የተረፈው ለጭቃ ይሆናል። ገበያ ላይ ይሸጣል፣ ዋጋ አለው፤ ፋብሪካ መጥቶ መግዛት ሲጀምር ደግሞ ዋጋው ምን እንደሚሆን ለመገመት ኢኮኖሚስት መሆን አያስፈልግም። ክምር ያለው ገበሬ ይሸጥ ይሆናል፤ ገዝቶ የሚያበላው፣ አንድ ላም ያላት መበለት ምን ታድርግ? የልጁ ወረቀት ላይ የጤፍ ጭድ “የግብርና ቆሻሻ” ተብሎ ተጽፏል። ይህን ቃል የጻፈው የውጭ ጽሑፍ አንብቦ ነው፤ እማማ ደግሞ ያነበቡት ላማቸውን ነው።

ይህ ማለት ሐሳቡ ይቅር ማለት አይደለም። እዚያው አማራ ክልል ውስጥ ፎገራ ሜዳ ሩዝ ያመርታል። ወረታ ከተማ ሄዳችሁ የሩዝ መፈልፈያዎቹን ጓሮ እዩ፤ የሩዝ ቅርፊት ክምር ነው። ቅርፊቱ እንደ ጭድ ለከብት የሚሆን አይደለም፤ አሸዋማ ነው። ያ አሸዋማነቱ የፋብሪካውን ማሽን ይበላል፣ እውነት ነው፤ አጭርም ስለሆነ ግትርነት ይጨምራል እንጂ ጥንካሬ ብዙ አይጨምርም። ለዴስክ ገጽ ግን ይበቃል፤ እግሩን ከብረት አድርጉት። አዊ ውስጥ፣ እንጅባራ አካባቢ፣ ቀርከሃ አለ፤ የቀርከሃ ቃጫ ረጅምና ጠንካራ ነው፣ የቀርከሃ ሠራተኛው ቆርጦ የሚጥለውም ብዙ ነው። ጅማ የቡና ገለባ አላት። እንሰት ተፍቆ ቆጮው ሲወጣ የሚቀረው ቃጫስ? ገመድና ጆንያ ሲሆን የኖረ ነገር ነው። ከእነዚህ አንዱንም ላም አታለቅስበትም። ለምን ከጤፍ ጭድ እንደተጀመረ ልጁን ጠይቄው ነበር። “ሰው ጤፍ ሲባል ቶሎ ይገባዋል ብዬ ነው ጋሼ” አለኝ። ሐቀኛ መልስ ነው። እኛም ቶሎ ስለገባን ነው ያጨበጨብነው።

የምድር ቤቱን ውጤት ባለፈው ማክሰኞ ስልክ ደውዬ ነገርኩት። ለጥቂት ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ “ጋሼ፣ ቁጥሩን በጽሑፍ ትልክልኛለህ?” አለኝ፤ ላክሁለት። አክሲዮን መሸጡን ለጊዜው አቁሞ፣ ሳንቃውን ለማስፈተን ዋጋ እየጠየቀ መሆኑን ትናንት ነግሮኛል። የሦስቱን ሰዎች ቼክም አላስገባውም ነበር፤ ያንን ስሰማ ትንፋሼ ተመለሰ። የታክሲ ነጂው ጓደኛዬ ግን ተቆጥቶኛል፤ “አንተ ደግሞ ደግ ነገር ሲጀመር ውሃ ማፍሰስ ትወዳለህ” አለኝ። ውሃ ውስጥ ነው የነከርኩት እንጂ አላፈሰስኩም ብለው አልሳቀም።

በሌሎች ከተሞች ያላችሁ፣ በዋሽንግተንም፣ በሚኒያፖሊስም፣ በስቶክሆልምም እንዲህ ያለ ሳንቃ ይዞ የሚመጣ ሰው ካጋጠማችሁ አትሳደቡ፣ አታባርሩት። ቁራጭ ለምኑ። በመጋዝ ቁረጡት፣ ውሃ ውስጥ ጣሉት፣ ጀሪካን ስቀሉበት፤ ወር ጠብቁ። ውጤቱንም ጻፉልኝ፤ አድራሻው ከስክሪኑ ሥር አለ። ዳንፎርዝ ላይ የሚቀጥለው ስብሰባ የተቀጠረው የፈተናው ወረቀት ሲመጣ ነው። እማማም ይመጣሉ፤ መኪና የምልክላቸው እኔ ነኝ። የሆነውን እዚሁ እነግራችኋለሁ። እስከዚያው ደህና ሰንብቱ።